በስትሪሚንግ ዘመን አዲስ የሬስሊንግ ድርጅት ማቋቋም፦ ቪዲዮውን እንሽጠው ወይስ በነጻ እንልቀቀው?

ጥያቄ፦ ሦስተኛው ገመድ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን አዲስ የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ድርጅት ለማቋቋም እየተዘጋጀን ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ለዓመታት ሪንግ ውስጥ የሠሩና አሁን ጀማሪዎችን የሚያሠለጥኑ ናቸው፤ አንዱ የቪዲዮ ባለሙያ ነው፤ እኔ ሒሳቡንና ውሉን ይዣለሁ። ያገለገለ ነገር ግን ጠንካራ ሪንግ ገዝተናል፤ አብረውን ሊሠሩ ቃል የገቡ አሥራ አራት ተፋላሚዎች አሉን፤ በእጃችን ያለው ገንዘብም አንድ ትኬት እንኳ ባንሸጥ ለአንድ ዓመት ያህል ያቆየናል።

ያልተስማማነው በስርጭቱ ጉዳይ ነው። አንደኛው ባልደረባችን ከመጀመሪያው ዝግጅት ጀምሮ የራሳችን መተግበሪያ እንዲኖረንና ተመልካቹ በየወሩ እየከፈለ እንዲያይ ይፈልጋል፤ «ትልልቆቹ ከ2014 ጀምሮ የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው» ይላል። ሌላው ማንም የማያውቀውን ነገር ማንም ከፍሎ አያይም ብሎ ስለሚያምን ሁሉም ግጥሚያ በነጻ በዩቲዩብ ይለቀቅ ባይ ነው። እኔን የመጀመሪያው ሐሳብ ያስፈራኛል፤ ሁለተኛውም ቢሆን እንቅልፍ አይሰጠኝም፤ ቤቱ ተቀምጦ ያለ ክፍያ የሚያየውን ሰው ትኬት ገዝተህ አዳራሽ ድረስ ና ማለት የሚቻል አይመስለኝምና።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። ዝግጅቱን በየሳምንቱ ማቅረብ ይሻላል፣ በወር አንድ ጊዜ፣ ወይስ እንደ ተከታታይ ድራማ በምዕራፍ ከፍሎ? ካለን ገንዘብስ ምን ያህሉ ለካሜራ፣ ምን ያህሉ ለተፋላሚዎቹ ይዋል? በሥራው ውስጥ ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ አድናቂ ሆኖ መገመቱንማ እኛም እንችልበታለን።

መልስ፦ የኋላ ረድፍ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ባልደረባዎ በጠቀሱት የ2014 ምሳሌ ላይ ጥቂት ልቆይ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት ደብሊው ደብሊው ኢ የራሱን የስትሪሚንግ አገልግሎት የከፈተው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2014 ሲሆን ክፍያው በወር 9.99 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ ያን ገንዘብ የከፈለው ሰው የማያውቀውን ነገር አልገዛም። ቀደም ሲል በኬብል ቴሌቪዥን ለአንድ ምሽት ብቻ ብዙ እጥፍ ይከፍልባቸው የነበሩትን ትልልቅ ዝግጅቶች፣ ሬስልማኒያን ጨምሮ፣ በርካሽ አገኘ፤ በዚያ ላይ ድርጅቱ በ2001 ከገዛው ከደብሊው ሲ ደብሊውና ከሌሎች የከሰሙ ተፎካካሪዎቹ የተረከበው የአሥርት ዓመታት የቪዲዮ ክምችት ተጨመረለት። ያም ሆኖ ይኸው ድርጅት በ2021 የአሜሪካውን አገልግሎት ፒኮክ ለተባለ ሌላ የስትሪሚንግ አገልግሎት አሳልፎ ሰጠ፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮም ሳምንታዊ ፕሮግራሙ ሮው በኔትፍሊክስ እንዲተላለፍ የአሥር ዓመት ውል አሰረ። በዓለም ትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት መተግበሪያ የማስተዳደሩን ራስ ምታት ለሌላ ትቶ የስርጭት መብት መሸጡን ከመረጠ፣ አሥራ አራት ተፋላሚ ያለው ድርጅት ወደዚያ ራስ ምታት የሚሮጥበት ምክንያት አይታየኝም። የጃፓኑ ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግም በዲሴምበር 2014 በወር 999 የን የሚከፈልበት አገልግሎት ሲከፍት ከ1972 ጀምሮ የቆየ ስም፣ ከጀርባውም ቲቪ አሳሂን የመሰለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበረው።

ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ ቲ ኤን ኤ የተባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ነው። በጁን 2002 ሲጀምር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስላልነበረው በየሳምንቱ ረቡዕ ለአንድ ዝግጅት 9.95 ዶላር የሚያስከፍል ስርጭት አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህ ሐሳብ ነበር፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደጅ ሳይጠና ከተመልካቹ በቀጥታ ገንዘብ መቀበል፣ ማለትም ዛሬ ባልደረባዎ የሚሉት ሐሳብ ከሃያ ዓመት በፊት ተሞክሮ ነበር። ችግሩ ተመልካቹ በየሰባት ቀኑ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ እንደ አዲስ መወሰን ነበረበት፤ ተፋላሚዎቹን በነጻ አይቶ የሚለምድበት ሌላ በር ደግሞ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ በ2004 ድርጅቱ ያንን አሠራር ትቶ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ተፋላሚ አጥቶ እንዳይመስልዎ፤ ታዋቂው ተፋላሚ ኤ ጄ ስታይልስ ስሙን የተከለው በዚያ መድረክ ነው።

ኤ ኢ ደብሊው የተባለውን ሌላውን የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ታሪክ ብዙ ሰው የአንድ ባለጸጋ ታሪክ አድርጎ ይተርከዋል። የቶኒ ካን ገንዘብ ባይኖር ድርጅቱ በ2019 እንዳልነበረ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ የመጣው ፍላጎቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ያንግ በክስ የተባሉት ተፋላሚ ወንድማማቾችና ጓደኞቻቸው ከ2016 ጀምሮ «ቢዪንግ ዘ ኢሊት» የሚባል የዩቲዩብ ፕሮግራም በነጻ ያቀርቡ ነበር፤ አብዛኛው ክፍል ግጥሚያ ሳይሆን በጉዞ፣ በሆቴልና በልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚቀረጽ ቀልድና ጭቅጭቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 ከተፋላሚው ከኮዲ ሮድስ ጋር ሆነው ቺካጎ አጠገብ «ኦል ኢን» የተባለውን ዝግጅት ሲያዘጋጁ ከ10,000 በላይ ትኬት በግማሽ ሰዓት ገደማ አለቀ። እንግዲህ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ በነጻ የተሰጠው ሰዎቹን የማወቅ ዕድል ነበር፤ ትልቁ ምሽት ግን ተሸጧል። «ሁሉንም እንሽጥ» እና «ሁሉንም እንስጥ» የሚሉት ባልደረቦችዎ ሁለቱም የዘነጉት ይህንን ልዩነት ይመስለኛል።

መልስ፦ ካሜራ ሁለት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው ከቀረጻው ወገን ነው፤ በርከት ያሉ የትናንሽ ድርጅቶችን ዝግጅት ቀርጫለሁና።

በመጀመሪያ ገንዘባችሁን ለድምፅ አውጡ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ኮሜንተሪና የማይሰማ ታዳሚ ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያባርረዋል። ለኮሜንታተሮቹ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ማይክ፣ ከሪንጉ በታች አንድ ማይክ የመድረኩን ኳኳታ እንዲይዝ፣ ለታዳሚው ደግሞ ቢያንስ ሁለት ማይክ ያስፈልጋል። የታዳሚው ድምፅ ጌጥ አይደለም፤ የትኛው ተፋላሚ እንደሚወደድና የትኛው እንደሚጠላ ቤቱ ላለው ሰው የሚነግረው እሱ ነው።

ሁለተኛው የአዳራሹ አቀማመጥ ነው። ቋሚው ካሜራ ከፍ ብሎ በአንድ ወገን ይቆማል፤ ወንበር ሲደረደር መጀመሪያ መሙላት ያለበት ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ወገን ነው። ሁለት መቶ ሰው በአራቱም ማዕዘን ከተበተነ ባዶ አዳራሽ ይመስላል፤ ያው ሁለት መቶ ሰው በካሜራው ፊት ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ ሪንጉ በደንብ በርቶ የኋላው ሲጨልም፣ የሞላ ቤት ነው። ማታለል ነው የሚል ካለ ይበል፤ ሬስሊንግ ውስጥ ሆነን ስለ ማታለል ባንከራከር ደስ ይለኛል። በተጨማሪ ለካሜራ ባለሙያዎቻችሁ በእያንዳንዱ ምት ላይ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው እንዳይዘልሉ ንገሯቸው። ተፋላሚው ከገመድ ላይ ሲዘል ተመልካቹ መነሻውንም መውደቂያውንም በአንድ እይታ ማግኘት አለበት።

ሦስተኛው የቀጥታ ስርጭት ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ድርጅት የከፈልነው የኢንተርኔት መስመር የአዳራሹ ታዳሚ ስልክ ከሚጠቀምበት ኔትወርክ የተለየ መሆኑን ሳናረጋግጥ ገባን። ከሰዓት በኋላ ስንሞክረው እንደ ወንዝ ይፈስ የነበረው መስመር አዳራሹ ሲሞላ ተንቀራፈፈ፤ በዋናው ግጥሚያ መካከልም ጭራሽ ተቋረጠ። ከፍለው ሲያዩ ለነበሩት ሁሉ ገንዘባቸው ተመለሰ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ያለመምጣታቸው ነው የጎዳን። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች መስመር ይኑራችሁ፤ እያንዳንዱ ካሜራም በራሱ ካርድ ላይ ይቅዳ። ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዝግጅቶች በቀጥታ ሳታስተላልፉ ቀድታችሁ፣ አርማችሁ ብትለቁ ነው።

ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል ልበል። ተፋላሚዎቻችሁ በታወቀ ዘፈን መግባት ይፈልጋሉ፤ አትፍቀዱ። የዩቲዩብ አሠራር ዘፈኑን በራሱ ለይቶ ገቢውን ለባለመብቱ ያስተላልፋል፣ ወይም ቪዲዮውን ያግዳል። ኢ ሲ ደብሊው የተባለው የ1990ዎቹ የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ድባቡን ያገኘው ፈቃድ ባልተከፈለባቸው ታዋቂ ዘፈኖች ነበር፤ ክምችቱ ከዓመታት በኋላ በስትሪሚንግ ሲቀርብ ብዙዎቹ ዘፈኖች በሌላ ሙዚቃ ተተኩ፤ የቀድሞውን የሚያውቅ ሰው ጨው እንደሌለው ምግብ ነው የሚሆንበት። ጀማሪ ሙዚቀኛ ፈልጋችሁ የራሳችሁን አሠሩ፤ መብቱም በጽሑፍ የእናንተ ይሁን።

ሦስተኛው ገመድ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የወንበሩን ጉዳይ በፍጹም አላሰብንበትም ነበር። አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም። ሰዎቹን ለማስተዋወቅ በነጻ የምንለቀው ምን ያህል ነው? ሁለቱ አሠልጣኞች «ግጥሚያውን ካየ በኋላ ምን ቀረው?» ይላሉ። ከዚህም ሌላ ተፋላሚዎቹ ቪዲዮው በኢንተርኔት ከቀረ ወደፊት ከሚመጣው ገቢ ድርሻ ይኖረናል ወይ ብለው መጠየቅ ጀምረዋል፤ መልስ አልነበረኝም።

መልስ፦ ደወል

በተፋላሚነት፣ ኋላም በቡከርነት፣ ማለትም ማን እንደሚያሸንፍና ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ በመወሰን ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምመልሰው ከዚያ ወገን ነው። በአንድ ነገር ከላይ ከጻፉት እለያለሁ። «በነጻ እንልቀቅ» ሲባል ነጻ የሆነው ለተመልካቹ ብቻ ነው። መድረኩ ከእንጨትና ከብረት የተሠራ ነው፤ በላዩ ያለው ስፖንጅ ስስ ነው፤ እያንዳንዱ ውድቀት ከአንድ ሰው ጀርባ ላይ የሚቆረጥ ነው። ስለዚህ በነጻ የሚለቀቀው ነገር አስቀድሞ የታሰበበት እንጂ ካሜራው የያዘው ሁሉ መሆን የለበትም።

አሠልጣኞቹ «ምን ቀረው?» ማለታቸው ግን የሥራውን ጠባይ የዘነጋ ይመስለኛል። ሬስሊንግ የሚሸጠው ያለፈውን ግጥሚያ ሳይሆን የሚቀጥለውን ነው። አንድ ግጥሚያ አልቆ ተመልካቹ የሚጠይቀው ጥያቄ ከሌለው፣ በነጻም ሰጣችሁት በገንዘብ፣ ከስራችኋል። ደጉ በተንኮል ተሸነፈ፤ ክፉው እየሳቀ ወጣ፤ በሚቀጥለው ወር ይገናኛሉ። ይህንን በነጻ ልቀቁት፤ የሚገናኙበትን ምሽት ግን ሽጡት። ከዚህ አንጻር ግጥሚያውን ሳይሆን ብቀላውን ነው የምትሸጡት ማለት ይቻላል።

በየሳምንቱ አዲስ ዝግጅት አታድርጉ፤ በአሥራ አራት ሰው በሦስት ወር ገደማ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጥሞ ያልቃል፤ አካላቸውም አይችለውም። በወር አንድ ምሽት ሠርታችሁ ከዚያ ላይ ሳምንታዊ ክፍሎችን አውጡ። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም፤ በ1970ዎቹ የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ በፔንሲልቬንያ አለንታውን ከተማ በአንድ ምሽት የሦስት ሳምንት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይቀዳ ነበር። በእነሱ ጊዜ ያልነበረው አደጋ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ስልክ መያዙ ነው፤ ውጤቱ ገና ከአዳራሹ ሳትወጡ ይሰማል። ስለዚህ ውጤቱ ቢታወቅም የሚታይ ነገር፣ ማለትም ንግግርን፣ ጠብን፣ የአንድን ሰው የልምምድ ሕይወት ለሳምንታዊዎቹ ክፍሎች መድቡ፤ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚለወጥበትን ግጥሚያ ግን በቀጥታ አሳዩ። ስለ ቀበቶ ካነሳን ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት ሻምፒዮን አትሹሙ። ማንም ያልለፋበት ቀበቶ የቆዳና የብረት ቁራጭ ነው፤ ግማሽ ዓመት ይጠበቅ።

በምዕራፍ ከፍሎ ማቅረብን በተመለከተ «ሉቻ አንደርግራውንድ» የተባለው የሬስሊንግ ፕሮግራም ጥሩ ትምህርት ነው። ከ2014 እስከ 2018 በኤል ሬይ ጣቢያ ቀረበ፤ የሚቀረጸውም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነበር፤ እንደ ፊልም የተሠራ፣ አስማትና ግድያ ያለበት፣ እስከ ዛሬ የምናፍቀው ዓለም ነበር። ይሁን እንጂ በምዕራፎቹ መካከል ያለው ክፍተት እየረዘመ ሲሄድ ተመልካቹ ተበተነ፤ ውላቸው ሌላ ቦታ እንዳይሠሩ ያሰራቸው ተፋላሚዎችም ነበሩ፤ ከመካከላቸው ከውሉ ለመላቀቅ ፍርድ ቤት የሄዱ አሉ። ሥራ የማትሰጡትን ሰው በውል አትሰሩት።

ይህ ወደ ውሉ ያመጣኛል፤ በእኔ አስተያየት ከካሜራውም ከመተግበሪያውም በፊት የሚቀድመው እሱ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ለእያንዳንዱ ተፋላሚ ቢበዛ ሁለት ገጽ የሆነ፣ ሊያነበው የሚችል ውል ስጡት። የቪዲዮው ባለቤት ማን ነው? ድርጅቱ ቪዲዮውን ለሌላ አሰራጭ ቢሸጥ ተፋላሚው ምን ያገኛል? የገጸ ባሕርዩ ስምና ልብስ የማን ነው? ትልቅ ድርጅት ቢፈልገው በስንት ቀን ማስታወቂያ ይለቀቃል? የእኔ ምክር ቪዲዮው የድርጅቱ፣ ስሙ የተፋላሚው እንዲሆን፣ ከስርጭት ከሚገኘው ገቢም የተወሰነ መቶኛ በዚያ ዝግጅት ላይ ለሠሩት ሁሉ እኩል እንዲከፋፈል ነው። እኩል ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በመጀመሪያው ግጥሚያ የወደቀውም በዋናው የወደቀውም መሬቱ አንድ ነው። የምሽቱ ክፍያ ደግሞ ሰውየው ቦርሳውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት በእጁ ይግባ። ሐኪም በቦታው ይኑር፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው በታሪኩ ውስጥ ምንም ዓይነት ቦታ ቢኖረው ግጥሚያው ይቁም፤ ዳኛውም ይህንን ለማድረግ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ሁሉም አስቀድሞ ይወቅ። ፈቃድና መድንን በሚመለከት በምትሠሩበት ቦታ ያለውን ሕግ ጠይቁ፤ በአሜሪካ እንኳ ሬስሊንግን የሚቆጣጠር ኮሚሽን ያላቸውና የሌላቸው ግዛቶች አሉ።

የገንዘቡን ክፍፍል በቁጥር አልነግርዎትም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተፋላሚና ሐኪም፣ ቀጥሎ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ከዚያ ካሜራ ነው። መተግበሪያው በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

መልስ፦ ቆጣሪው

ቁጥር ነገር ስለምወድ በአጭሩ። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቪዲዮው ባለቤት ይሰጣል፤ ከወርሃዊ የአባልነት ክፍያ ደግሞ 70 በመቶውን። የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል፤ በአጫጭር ቪዲዮ በኩል ለሚገባ መስፈርቱ ሌላ ነው። ደም የሚታይበት ግጥሚያ ማስታወቂያ ሊከለከል ወይም የዕድሜ ገደብ ሊጣልበት ይችላል፤ ስለዚህ ቡከራችሁ ደም ሲያምረው ምን እንደሚያስከፍላችሁ ይወቅ።

የክፍያውን በር መክፈት ከፈለጋችሁ የብዙ ድርጅቶችን ዝግጅት በአንድ ላይ የሚያቀርቡ አገልግሎቶች አሉ፤ ቀድሞ ፋይት ይባል የነበረው ትሪለር ቲቪና ኢንዲፔንደንት ሬስሊንግ ቲቪ ይጠቀሳሉ። በጃፓን ሬስል ዩኒቨርስ የተባለው አገልግሎት ዲ ዲ ቲ፣ ቶኪዮ ጆሺና ሌሎችም ድርጅቶች የሚያዘጋጁትን በአንድ ወርሃዊ ክፍያ ያሳያል። ጥቅሙ ለሌላው ሲል የከፈለ ሰው እናንተንም የሚያይ መሆኑ ነው። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ አጫጭር ቪዲዮዎችን በራሳችሁ ገጽ እንዳትለቁ የሚከለክል አንቀጽ መኖሩን፣ ውሉ ሲያበቃ ደግሞ የቀድሞዎቹ ቪዲዮዎች ወደ እናንተ መመለሳቸውን።

በነጻ ጀምሮ ኋላ ወደ ክፍያ መዞር ቀላል እንዳልሆነም ላስታውስ። ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት በኦክቶበር 2019 «ፓወር» የተባለውን ፕሮግራም አትላንታ ውስጥ ካለ ትንሽ ስቱዲዮ በዩቲዩብ በነጻ ጀመረ፤ የድሮ ቴሌቪዥን ድባብ ስለነበረው በጣም ተወደደ፤ በ2021 ፕሮግራሙን ወደ ክፍያ ሲያዛውረው ያን ግለት ይዞ አልሄደም። ስለዚህ ወደፊት ልታስከፍሉበት የምታስቡትን ነገር ከመጀመሪያውም በነጻ አታስለምዱ። የመጨረሻው ምክሬ ደግሞ ትኬት የገዛውን ሰው ሁሉ ኢሜይል በፈቃዱ ሰብስባችሁ እንድትይዙ ነው፤ የዩቲዩብ ተከታይ የዩቲዩብ ነው፤ ያ ዝርዝር ግን የእናንተ ነው።

ሦስተኛው ገመድ፦

ትናንት ማታ መልሶቻችሁን አትሜ ለአራታችንም አነበብኩ። በወር አንድ ምሽት፣ ከእሱም አራት ሳምንታዊ ክፍሎች በነጻ፣ ትልቁ ዝግጅት በየሦስት ወሩ በክፍያ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ቀበቶው እስከ ሁለተኛው ትልቅ ዝግጅት ድረስ አይወጣም። መተግበሪያውን የሚፈልገው ባልደረባችን «እሺ» ያለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሐሳቡ እንደገና ይቀርባል፤ በቃለ ጉባኤ ጽፈንለታል።

ከስርጭት ገቢ እኩል ድርሻ የሚለው ግን ያልጠበቅነውን ክርክር አስነሣ። ከአሥራ አራቱ መካከል ስም ያላቸው ሁለቱ እኩል መካፈልን አልተቀበሉም፤ ሰው የሚከፍለው እኛን ለማየት ነው ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። ደወል፣ እርስዎ በሠሩበት ቦታ ይህንን እንዴት እንደፈታችሁት ቢጽፉልን፤ ውሉን የምናስፈርመው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ደወል፦

ለሁለቱ የምሽቱን ክፍያ ከፍ አድርጉላቸው፤ የስርጭቱን ድርሻ ግን አትንኩ። የምሽቱ ክፍያ የስማቸው ዋጋ ነው፤ አዳራሹን የሚሞላው እሱ ነውና ይገባቸዋል። ቪዲዮው ላይ ግን ብቻቸውን አልተጋጠሙም። እኛ ዘንድ አንዱ በዚህ ተስማምቶ ፈረመ፤ ሌላው ሄደ፤ ከአራት ወር በኋላ በዚያው ውል ተመልሶ መጣ።